የምታጠባን እናት ማን ያግዛት? የአባቶች ድርሻ ትናንትና ዛሬ



ባለፈው ክረምት የማኅበራችንን የቆዩ የስብሰባና የቁጠባ መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ አንድ ቃል ደጋግሞ ዓይናችን ውስጥ ገባ። ከቀሪ አባላት ስም አጠገብ በእርሳስ «አራስ» ተብሎ ተጽፏል። በሚቀጥለው አምድ ደግሞ «ቅጣት 5 ብር» ይላል። አንዲት አባላችን ልጅ ወልዳ እስክትነሣ ድረስ ስድስት ሳምንት ተከታትላ ተቀጥታለች። ሠላሳ ብር መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ሳምንታዊ ቁጠባችን አሥር ብር ስለነበር፣ ልጅ በመውለዷ የሦስት ሳምንት ቁጠባዋን ከፈለች ማለት ነው።

ቅጣቱን የጻፍነው እኛው ነን። ደንባችን «ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል ይቀጣል» ይላል። ልጅ ማጥባት በቂ ምክንያት አይደለም ብሎ የወሰነ ሰው የለም፤ ነው ብሎ የጠየቀም የለም። ሁላችንም ወልደን ስናበቃ ሁላችንም ዝም ብለን ከፈልን።

መዝገቡን ስንዘጋ ሁለት ጥያቄ አብሮን ቀረ። ያቺ እናት አሥር ብሯን በባሏ እጅ ብትልክ ማን ይከለክላት ነበር? ባልየውስ ይዞ ለመምጣት ለምን አላሰበም? የማንንም ጥፋት ለመቁጠር ብለን አልጠየቅንም። በአገራችን ልጅ ሲጠባ የአባት ቦታ የት እንደነበረ፣ ዛሬስ የት እንደደረሰ ለማወቅ ብለን ነው። ያገኘነውን ለእናንተ እናካፍላለን።

ብዙ እጅ የነበረበት ቤት

እናቶቻችንና አያቶቻችን የነገሩንን እናስታውስ። በደጋው አገር ምጥ ሲመጣ የጎረቤት ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ «ማርያም ማርያም» ይላሉ፣ የልምድ አዋላጇ ትጠራለች። ልጁ ሲወለድ እልልታ ይሰማል፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል የሚባልባቸው አካባቢዎች ብዙ ናቸው። ገንፎ ይገነፋል፣ ቅቤ ይቀልጣል፣ የመጣ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይቀምሳል። ክርስቲያኑ ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና እስኪያስነሣ ድረስ አራሷ ብቻዋን አትተውም። እናቷ ወይም እህቷ አጠገቧ ናት። አጥሚቱ ከምድጃ አይወርድም። ውኃ የምትቀዳው ሌላ፣ እንጀራ የምትጋግረው ሌላ፣ ትልልቆቹን ልጆች የምትይዘው ሌላ ናት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በአራስ ቤት እውነት ነበር።

አባትየውስ? እሱ ከደጅ ነው። በግ ወይም ዶሮ ያርዳል፣ ቅቤና ማር ይፈልጋል፣ ለማገዶ እንጨት ይፈልጣል፣ የክርስትናውን ድግስ ያስባል። ወደ ጓዳ ግን አይዘልቅም። ማጀት የወንድ ቦታ አይደለም የሚለውን ሁላችንም ሰምተን አድገናል። በሙስሊም ቤተሰቦችም በሰባተኛው ቀን ለሕፃኑ አቂቃ የሚያርደው አባት ነው። ቁርዓን በአል-በቀራህ ምዕራፍ 233ኛ አንቀጽ ላይ እናቶች ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሚያጠቡ ይናገራል፤ ከዚያው ጋር አያይዞ የምታጠባውን እናት ምግብና ልብስ በአባትየው ላይ ግዴታ ያደርጋል። የሚያጠባው ጡት የእናት፣ ያንን ጡት የሚሞላው ምግብ ደግሞ የአባት ዕዳ መሆኑን ሁለቱም እምነቶች በየመንገዳቸው ያውቁት ነበር።

ያ ዘመን ግን ጉድለት አልነበረውም አንልም። ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ይደፋ ነበር። ለአዲስ የተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስም የተለመደ ነበር። ዛሬ እንገር የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት እንደሆነ፣ ቅቤውም ሊያሳምመው እንደሚችል የጤና ባለሙያዎች ይነግሩናል። እረፍቱም ለሁሉም እኩል አልነበረም። የድሃ ሚስት፣ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ አጨዳ የደረሰባት ገበሬ ቀኗ ሳይሞላ ተነሥታለች። ቢሆንም አራስ የብዙ ሰው ሥራ መሆኗን ያልተቀበለ መንደር አልነበረም። አባት ጓዳ ያልገባው ማጀቱ በሌሎች እጆች ስለተሞላ ጭምር ነው።

የጡት አባት

የአገራችን ታሪክ ወንድን ከጡት ጋር ያገናኘበት አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ «የጡት አባት» እና «የጡት ልጅ» የሚባለው። አንድ ሰው ኃያልና ደግ ሰው እንዲጠብቀው ሲፈልግ የዚያን ሰው ጣት ጠብቶ ልጁ ይሆን ነበር። በሰሜኑ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ልማድ መዝግቦታል። እሱ እንደጻፈው ጣቱን ያስጠባው ሰው አባት ይሆናል፤ አዲሱን ልጁንም በአቅሙ ሁሉ የመርዳት ግዴታ አለበት።

ይህን ስናነብ ቆም ብለን አሰብን። አያቶቻችን ለጥበቃና ለእርዳታ ጽኑ ቃል ሲፈልጉ ያገኙት ቃል ጡት ነው። ጡት አባት ማለት የሚያበላ፣ የሚከላከል፣ በክፉ ቀን የሚቆም ሰው ነው። የሰው ልጅ አድጎ፣ ጢም አውጥቶ ጣት ስለጠባ ብቻ ይህ ሁሉ የሚገባው ከሆነ፣ የገዛ ልጁ ከእናቱ ጡት ሲጠባ አባት ምን ዕዳ አለበት? ቃሉ ከቋንቋችን አልጠፋም። የተረሳው ዕዳው ነው።

ሕጉ አባትን መቼ አየው?

ወደ ሕግ እንምጣ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ መሆኑን፣ ሚስትም ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። በቁጥር 646 ደግሞ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት ያስቀምጣል። ሕጉ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያሰበው፤ ወይ ሠራተኛ ትሠራለች፣ ወይ ሚስት ትሠራለች። ሦስተኛ ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ትዝ አላለውም።

ይህ የተለወጠው በእኛ ዕድሜ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት አነሣና ተጋቢዎች በቤተሰባቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው፣ ሊከባበሩና ሊረዳዱም እንደሚገባ ደነገገ።

የፈቃዱን ቀን እንቁጠር፤ መቁጠር ሥራችን ነውና። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ነበራት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኋለኛውን ወደ 90 ቀን አሳደገው። ይኸው አዋጅ ለአባትም ደመወዝ የሚከፈልበት ሦስት ተከታታይ ቀን ሰጠ። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ ለአባት አሥር የሥራ ቀን ፈቅዶ ነበር።

ሦስት ቀን ትንሽ ነው የምትሉ አትሳሳቱም። አንዲት እናት ከቄሣሪያን ቀዶ ሕክምና በሦስት ቀን ቀና ብላ አትሄድም። ወተትም ብዙውን ጊዜ ሞልቶ የሚመጣው በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ነው። ያም ሆኖ ሦስቱ ቀን ትርጉም አለው፤ «አባት ሆይ፣ ልጅህ ሲወለድ ቦታህ ቤት ነው» የሚል ቃል በሕግ ተጽፏልና። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ከአባሎቻችን ባሎች ብዙዎቹ የቀን ሠራተኛ፣ ተሸካሚ፣ የሰው ታክሲ የሚነዱ ናቸው። ለእነሱ ሦስቱም ቀን የለም፤ የቀሩበት ቀን ያልተበላበት ቀን ነው። ለዚህ ነው ለእኛ ዓይነት ቤት የአባት እገዛ ከፈቃድ ቀን ይልቅ በየማታውና በየሌሊቱ የሚፈለገው።

እጆቹ የት ሄዱ?

ሕጉ ሲሻሻል መንደሩም እየተለወጠ ነበር። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበሩ። በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህ የብዙ እናቶችን ሕይወት ያተረፈ ትልቅ ነገር ነው፤ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻም ቀላል አይደለም። ነገር ግን እናት ከጤና ጣቢያ በማግሥቱ ወጥታ የምትገባው ወደ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። እናቷ ገጠር ናት። እህቷ አረብ አገር ናት። ጎረቤቷ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ ነጋዴ ናት። አሥር እጅ ይሠራው የነበረው ሥራ ለሁለት እጅ ቀረ። እነዚያ ሁለት እጆች ደግሞ ሕፃን ታቅፈዋል።

በዚህ ባዶ ቦታ የገባው የቆርቆሮ ወተት ነው። ታሪኩ ረጅም ነው። ሄንሪ ኔስሌ በስዊዘርላንድ ለሕፃናት የሚሆን የወተትና የዱቄት ምግብ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1867 ነበር። በሃያኛው መቶ ዘመን እንዲህ ዓይነት ምርቶች በድሃ አገሮች በብዛት ተሸጡ። ንጹሕ ውኃ በሌለበት፣ አንዱን ቆርቆሮ ለማብቃቃት ዱቄቱ በሚቀጥንበት ቤት ሕፃናት በተቅማጥና በምግብ እጥረት ሞቱ። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች የሕፃናት ሐኪም በ1939 ሲንጋፖር ላይ ባደረገችው ንግግር ይህን ከግድያ ቆጥራ ተናገረች። በ1977 በአሜሪካ በአንድ ትልቅ አምራች ላይ ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ። በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮች የሚሸጡበትን መንገድ የሚገድብ ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ አጸደቀ። ተቃዋሚዋ አሜሪካ ነበረች።

እኛን ያስተማረን ግን ከታሪኩ ይልቅ ገንዘቡ ነው። በብዙ ቤት ቆርቆሮውን ገዝቶ የሚገባው አባት ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ልጁ ሲያለቅስ ሰምቶ፣ ሚስቱ ስትደክም አይቶ፣ ማድረግ የሚችለውን ሲፈልግ ያገኘው እሱን ነው። ከልጅነቱ የተማረው የአባትነት ሥራ ገዝቶ ማምጣት ነውና።

የራሳችን ቤት

ለምሳሌ እንዲሆን የራሳችንን ቤት እናንሣ። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ የልጃችን አባት የሚጠበቅበትን ሁሉ አደረገ። በግ ገዛ፣ ቅቤ አስመጣ፣ እናታችንን ከገጠር በአውቶቡስ ይዞ መጣ። እናታችን በነበረችበት ሦስት ሳምንት ምንም አልጎደለብንም። ከዚያ አጨዳ ደረሰና ሄደች።

በአምስተኛው ሳምንት ልጁ ማታ ማታ ማልቀስ ጀመረ። ጎረቤት «ወተትሽ ቀጥኗል» አለችን፤ እኛም አመንን። የልጃችን አባት አንድ ማታ የዱቄት ወተትና ጡጦ ይዞ ገባ። ከደመወዙ ምን ያህሉ እንደሄደ የሂሳብ ሰው አይጠፋውም፤ ግን ደስ ብሎን ተቀበልነው። ልጁ ጡጦውን ሲለምድ ጡት መጥባት ቀነሰ፤ እሱ ሲቀንስ ወተታችንም ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ቆርቆሮው ወደ ማለቁ ደረሰ፣ ደመወዝ ግን አልደረሰም። ዱቄቱን አቅጥነን ሰጠነው። በሲንጋፖሩ ንግግር የተነገረው ነገር በእኛ ቤት ደረሰ ማለት ነው፤ ያኔ ግን ንግግሩንም ታሪኩንም አናውቅም ነበር። ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ተረፈ። ሸምገል ያሉ ነርስ ነበሩ የተቀበሉን። ልጁ ከተረጋጋ በኋላ እኛን ትተው የልጃችንን አባት ጠየቁት። «ሚስትህ ዛሬ ምን በላች? ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛች? ልብሱን ማን ያጥባል?» አንዱንም መመለስ አልቻለም። ነርሷም «ልጄ፣ ለልጁ ወተት ከምትገዛ ለእናቱ ምግብ አቅርብላት። ወተቱን እሷ ትሠራዋለች፤ ሌላውን ግን አንተ መሥራት ትችላለህ» አሉት። ልጁ ደጋግሞ ከጠባ ወተቱ እንደሚመለስ አስረዱን። በእርግጥም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጃችን አባት ልጁን ለማጥባት በተቀመጥን ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠገባችን ያኖራል። አጥሚት ማፍላት ተማረ፤ የመጀመሪያው አሮ ነበር። የልጁን የሽንት ጨርቅም ያጥብ ነበር፣ ግን ሌሊት ብቻ። ግቢው ውስጥ ስድስት ተከራይ ስላለ ወንድ ጨርቅ ሲያሰጣ እንዳይታይ ነው። ሌሊት የተሰጣ ጨርቅ በክረምት አይደርቅም፤ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ጨርቅ በብረት ምጣድ ጠርዝ እናደርቅ ነበር። አንድ እሑድ ፀሐይ ወጣች። ባልዲውን ይዞ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም ደጅ ላይ ቡና እየጠጣ ሳለ፣ አንድ በአንድ አሰጣው። አንዱ ጎረቤት ሳቀ። በሳምንቱ ግን የዚያው ጎረቤት ሚስት «ያንተን ባል ለባሌ ንገሪልኝ» ስትል መጣች፤ እንዲህ ነው ወሬው የሚዞረው።

የወሊድ ፈቃዳችን ሲያልቅ ሌላ ፈተና መጣ። በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ወተት የሚታለብበት ቦታ አልነበረም፤ የቆየ ፋይል በተከማቸበት ክፍል በር ዘግተን እናልብ ነበር። የልጃችን አባት ፈረቃው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ያለብነውን ወተት በንጹሕ ሲኒ ቀስ እያለ ያጠጣው ነበር። ልጃችን ስድስት ወር የሞላው ሌላ ምግብ ሳይቀምስ ነው፣ ከነዚያ ክፉ ሳምንታት በስተቀር።

ያልተመዘገበው ሂሳብ

የዓለም ጤና ጉባኤ ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በአገራችን ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት በ2005 ከመቶ 49፣ በ2011 ከመቶ 52፣ በ2016 ከመቶ 58፣ በ2019 ከመቶ 59 ነበሩ። እየጨመረ ነው፤ ግን ከአሥር ሕፃናት አራቱ አሁንም ውኃ፣ የላም ወተት ወይም ሌላ ነገር ይሰጣቸዋል። ጡት ማጥባት ጥሩ መሆኑን የማታውቅ እናት ዛሬ ጥቂት ናት። የሚጎድለው ጊዜና ጉልበት ነው።

ጊዜውን እናስላው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አሥር ጊዜ እንበል፤ አንዱ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ በቀን 200 ደቂቃ ነው። በስድስት ወር፣ በ180 ቀን፣ 600 ሰዓት ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 75 የሥራ ቀን ማለት ነው። ልጁ እያደገ ሲሄድ ፍጥነቱ ቢጨምርም ግምቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህ ሥራ በማንኛውም መዝገብ ላይ አምድ የለውም። በእኛ መዝገብ ላይ ያለው አምድ ቅጣት ብቻ ነው።

በሂሳብ ሥራ ግራው ከቀኙ ካልተካከለ መዝገቡ አይዘጋም። እናት 600 ሰዓት ካወጣች አባት በቀኝ በኩል የሚጽፈው ሊኖረው ይገባል። ምን ይጻፍ? ከባለሙያዎች የሰማነውንና በቤታችን የሞከርነውን እንዘርዝር።

ከመውለዷ በፊት በእርግዝና ክትትል ቀን አብሯት ይሂድ፤ ነርሷ የምትናገረውን ሁለት ጆሮ ከሚሰማው አራት ጆሮ ቢሰማው ይሻላል። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ እንገሩም እንዳይደፋ ይጠይቅ። ቅቤ ይላስ፣ የስኳር ውኃ ይቅመስ የሚሉ ዘመዶች ሲመጡ በትሕትና የሚመልሳቸው እሱ ይሁን። አራስ ከአማቷ ጋር መከራከር የለባትም፤ ልጅ ግን እናቱን «እማዬ፣ ሐኪሙ እንዲህ ብሏል» ማለት ይችላል።

በቤት ውስጥ ውኃ መቅዳት፣ ምግብ ማቅረብ፣ ጨርቅ ማጠብ፣ ትልልቆቹን ልጆች መያዝ ጡት የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። የምታጠባ እናት ከወትሮው የበለጠ መብላት አለባት፤ ቀድማ ትብላ እንጂ የተረፈውን አትጠብቅ። ሌሊት ልጁ ሲነቃ አንሥቶ ያቅርብላት፤ ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻው ላይ አድርጎ ያስገሳው። ሥራ ከጀመረች የታለበው ወተት በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ሲኒ ያጠጣው። ጡቷ ከቀላ፣ ካበጠና ትኩሳት ካላት «ያልፋል» ሳይል ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዳት።

ከሁሉ በላይ «ወተትሽ አይበቃም» አይበላት። የተጨነቀች እናት ወተቷ በቀላሉ አይወርድም። «አይዞሽ፣ እያደገ ነው» ማለት ዋጋ አያስወጣም።

ከመካከላችን ባል የሌላቸው፣ ባላቸው በስደት ያለ፣ ወይም ባል ኖሮ እንደሌለ የሆነባቸው እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። ይህ ጽሑፍ እነሱን እንዳያስከፋ። ለእነሱ ወንድም፣ አባት ወይም ጎረቤት ሊቆም ይችላል። ጡት አባት ድሮም የሥጋ አባት አልነበረም። የቀረውን ደግሞ እኛ ማኅበር ነን፤ ያ የጠፋው የብዙ እጅ መንደር መሆን የምንችለው እኛ ነን።

ለጉባኤው የምናቀርበው

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የወለደች አባል እስከ ስድስት ወር ድረስ በመቅረቷ እንዳትቀጣ፣ ቁጠባዋንም ባሏ ወይም የወከለችው ሰው ይዞ እንዲመጣ ደንባችን ይሻሻል። ባል ይዞ ሲመጣ ደግሞ በር ላይ ተቀብለን አንመልሰው፤ ገብቶ ይቀመጥ፣ ቡናም ይጠጣ። ሁለተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጋብዘን ባሎች የሚገኙበት ትምህርት ይዘጋጅ። ቀኑ እሑድ ይሁን፤ የቀን ሠራተኛው እንጀራውን ሳያጣ እንዲመጣ። ደጋፊዎቻችን ለዚህ የሚሆን ጥቂት በጀት እንዲያስቡልን እንለምናለን፤ በምንልክላችሁ ሪፖርት ላይ ብድር የመለሱትን ስንቆጥር ልጅ ያጠቡትን ዘንግተን ኖረናል።

ሦስተኛው የሂሳብ ክፍሉ የራሱ ዕዳ ነው። «አራስ» ተብሎ ከተጻፈባቸው ረድፎች ሁሉ የተሰበሰበውን ቅጣት ለቅመን፣ ስም በስም ለይተን ለጉባኤው እናቀርባለን። ከተፈቀደልን ወደ እያንዳንዷ አባል የቁጠባ ሂሳብ ይመለሳል። ያቺ ሠላሳ ብር የከፈለች አባላችን ዛሬም ከእኛ ጋር ናት፤ ያኔ የተወለደው ልጇ አሁን ትምህርት ቤት ነው። ሠላሳ ብር ዛሬ ብዙ አይገዛም። በመዝገቡ ላይ ግን «ቅጣት» የሚለው ቃል ተሰርዞ በምትኩ «ታጠባ ነበር» ተብሎ እንዲጻፍ እንፈልጋለን።